የክፍል አሥራ አምስት ሰባተኛው ድርቀት

ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ድሬዳዋ፣ ብሎክ ዘጠኝ ውስጥ ሁለት ላፕቶፖች እኩል ድርቅ ይላሉ። አንደኛው የረምዚ ነው፣ ክፍል አሥራ አራት። ሁለተኛው የእትዬ ደብሪቱ ነው፣ ክፍል አሥራ አምስት። ስድስት ቀን ሙሉ እንዲሁ ነው። ብሎኩ ሰባ ክፍል አለው፤ የቀሩት ስልሳ ስምንቱ ሰላም ናቸው።

ላፕቶፕ ይባላል እንጂ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ጠረጴዛው ላይ በአራት ብሎን ታስሯል። በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ውሃውን የሚለቀው፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው፣ ምግብ ሲመጣ የግድግዳዋን መስኮት የሚከፍተውም እሱ ነው። ውስጡ ያለው ሲስተም ደሞ ገና አላለቀም፣ የሙከራ ነው። ያለቀውን የሚጠቀሙ ሰዎች ሌላ ቦታ አሉ ይባላል። ብሎክ ዘጠኝ የሚኖር ሰው ክፍሉን ያገኘው ያላለቀውን እሞክራለሁ ብሎ ስለፈረመ ነው። በየወሩ በሃያ አዲስ እትም ይወርዳል። ያለፈው ወር እትም ጠዋትና ማታ ተምታቶበት ብሎኩ በሙሉ ለአራት ቀን እራቱን ጎህ ሲቀድ በላ። ማንም አላማረረም። ለማን ይማረራል?

ማሽኑ ሲደርቅ ማዕከሉ በጽሑፍ «ድርቀት» ይለዋል። ረምዚ ይሄን ቃል መጀመሪያ ቀን ስክሪኑ ላይ ሲያነበው «አቦ፣ ፓፓያ አብሉት!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። አብሮት የሚስቅ ሰው አልነበረም። ሳቁ ትንሽ ሄደና አፍሮ ቆመ።

ረምዚ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። እሱና ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ላይ ተጣልተው እስካሁን አልታረቁም። ፊደል ያነባል፣ ግን እንደ እሾህ እየለቀመ ነው። እጁ ግን አያርፍም። ልጅ ሆኖ የአክስቱን ሬዲዮ ፈታትቶ ሲገጥመው ሦስት ብሎን ተርፎት፣ ሬዲዮው ከድሮው የተሻለ ሠርቷል። አክስቱ ብሎኖቹን በጨርቅ ቋጥራ «ይሄን ልጅ ሲድሩት ለሙሽሪት እሰጣታለሁ፣ ምን እንደሚጎድለው ትወቅ» ትል ነበር። አሁን አክስቱ የለችም።

ሥራው ሳቅ መለየት ነው። ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ የሆነ ሰው ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ይስቅለታል፣ የምር ሳቅ ከሆነ አረንጓዴውን፣ የውሸት ከሆነ ቀዩን ይጫናል። ቀኑን ሙሉ። ማን እንደሳቀ፣ በምን እንደሳቀ አይነግሩትም።

የበር ሰዓት የሚባል ነገር አለ። እያንዳንዱ ክፍል በቀን አንድ ሰዓት በሩ ይከፈትለታል፤ ወጥቶ ይንቀሳቀሳል፣ ሰማይ ያያል፣ ይመለሳል። የረምዚ ሰዓት ከንጋቱ አሥራ አንድ ነው። የእትዬ ደብሪቱ ከምሽቱ አንድ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ከሰው እንዳይጨናነቅ ተብሎ የተደለደለ ነው። ቀን ቀን ሙቀቱ ሃምሳ ስለሚገባ መውጣት የሚያምረውም የለም። ስለዚህ ረምዚና እትዬ ደብሪቱ አሥራ አንድ ወር ተጎራብተው አንዱ የሌላውን ፊት አያውቅም። ረምዚ ሳላቸውን ያውቃል። ነጠላ ጫማቸው ሲንሸራተት ያውቃል። ማንኪያ ሲወድቅባቸው የትኛውን ቅዱስ እንደሚጠሩም ያውቃል።

ግድግዳው ካርቶን አይሉት ብሎኬት። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ እትዬ ደብሪቱ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ይጎትታሉ፣ ረምዚም አልጋው ላይ ይጠጋል፣ ከዛ ይጀመራል።

«ረምዚ! እንዴት አደርክ? ደህና አደርክ ወይ?»

«እትዬ! እንዴት አደሩ? ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ሙቀቱ እንዴት አደረገህ? እንቅልፍ አገኘህ?»

«እርስዎስ? ሳልዎ እንዴት ሆነ? ደህና ነዎት?»

«ደህና ነህ ግን? ሥራ እንዴት ነው? ምግቡስ?»

ሁለቱም እኩል ያወራሉ። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይገባል፣ ድምፃቸው ግድግዳው ላይ ይጋጫል። ማንም ለማንም አይመልስም። ሰላምታ እኮ ነው፣ ማን ይመልሳል? ሦስት ደቂቃ እንዲህ ይሉና ቀስ እያለ ይበርዳል፣ «ይመስገን»፣ «አልሃምዱሊላህ»፣ በቃ። ለረምዚ ቀኑ ውስጥ ሰው የሚያናግረው ይቺን ሦስት ደቂቃ ነው።

አዲሱ እትም ከወረደ ወዲህ ግን ሰላምታው መሃል ላይ ማራገቢያው ቀጥ ይላል፣ ስክሪኑ ደንግጦ እንደቀረ ፊት ይሆናል።

ደንቡ እንዲህ ነው። ማሽን ደርቆ አንድ ደቂቃ ከሞላው እሳት ሊሆን ይችላል ተብሎ በሩ ራሱን ይከፍታል። ሦስት ደቂቃ ከሞላው ድርቀቱ ማዕከል ይመዘገባል። ረምዚ ሦስት ደቂቃ ጠብቆ አያውቅም። የማሽኑን የጀርባ ክዳን በማንኪያ እጀታ ፈልቅቆ፣ ውስጥ ያለችውን ቀይ ገመድ አግኝቷታል። ይነቅላል፣ እስከ አምስት ይቆጥራል፣ ይሰካል፣ ማሽኑ ነፍስ ይዘራል። ሃያ ሰከንድ። መዝገብ ላይ የረምዚ ማሽን አንዴም አልደረቀም። በዚህ ነገር በጣም ይኮራ ነበር፣ የሚያወራለት ሰው ባይኖርም።

በወሩ በሃያ ስድስት፣ ስድስተኛው ድርቀት እንዳለፈ፣ ማሽኑ ጮኸ። የሴት ድምፅ ነው።

«አቶ ረምዚ? ኬብሮን እባላለሁ፣ ከማዕከሉ ነው።»

«ሰው ነሽ?»

«ሰው ነኝ።»

«እስኪ ሳቂ።»

«ምን?»

«ሳቂ። ሥራዬ ነው፣ አውቃለሁ።»

ኬብሮን አልሳቀችም። «አራት ደቂቃ ነው ያለኝ» አለች። «ጎረቤትህ፣ ክፍል አሥራ አምስት፣ በዚህ ወር ስድስት ጊዜ ደርቋል። ሰባት ከሞላ ማሽኑ ይነሳል።»

«ሴትዮዋስ?»

«ማሽን በሌለው ክፍል ሰው አይኖርም። ሰመራ አዳራሽ ይወሰዳሉ።»

ረምዚ ተነስቶ ቆመ። የሰመራውን አዳራሽ ሁሉም ያውቀዋል። ሦስት መቶ አልጋ በአንድ ጣሪያ ስር፣ የራስ በር የለም፣ የራስ ውሃ የለም፣ ማራገቢያው ጣሪያው መሃል ላይ አንድ ብቻ ነው። ድሬ ትሞቃለች የሚለው ሰመራን ያላየ ሰው ነው።

«እኔን ለምን ደወልሽልኝ?»

«ቴክኒሻን አርባ ቀን ይፈጃል። ያንተ ማሽን ደሞ ከግድግዳው ወዲህ ሆኖ አንዴም አልደረቀም። ምን እንደምታደርግ ንገራቸው። እስከ ሠላሳ ካልደረቀ ቁጥሩ ዜሮ ይገባል፣ ከዛ እንደ አዲስ ነው።»

«እኔ ምንም አላደርግም» አለ ረምዚ። ቀይዋ ገመድ ከጀርባ ተንጠልጥላ ታየዋለች። «እድል ነው።»

«እንግዲያው እድልህን አካፍላቸው» አለችና አራት ደቂቃዋ አለቀ።

ከሰዓት ግድግዳውን በጉልበቱ ደበደበ።

«እትዬ! ማሽንዎን ልናክም ነው!»

«ታሟል እንዴ?»

«ድርቀት ነው የያዘው።»

«ኧረ አፍህ ይድረቅ! ለትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?»

ቀይ ገመዷን ሊነግራቸው አሰበና ተወው። ክዳኑን ሲፈለቅቁ ማንኪያው ቢያዳልጣቸው፣ ጣታቸውን ቢነዝራቸው፣ ከግድግዳው ወዲህ ሆኖ ምን ያደርጋል? ስለዚህ እንደ ሐኪም ከውጪ ጀመረ።

«ከታች ቀዳዳዎች አሉት፣ አይደል? አቧራ አለባቸው?»

«አቧራ? ልጄ፣ ጤፍ ይዘራበታል።»

«በጨርቅ ይጥረጉት። ሲነኩት ይሞቃል?»

«ከኔ ይሻላል።»

«ገመዱ ላላ ብሏል?»

«የላላው የኔ ወገብ ነው፣ ገመዱ ደህና ነው።»

የማይጠቅሙ ነገሮችን አንድ በአንድ አስዘጋቸው፣ ስክሪኑን አስደበዘዛቸው፣ የሰዓቱን ዜማ ሳይቀር አስጠፋቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲነጋገሩ ማሽኑ አንዴም አልደረቀም። ረምዚ ደስ አለው፣ ጣሪያውን እያየ ፉጨት ጀመረ። ከዛ ቆይቶ አንድ ነገር ቆጠቆጠው። የነገራቸው ነገር ሁሉ ለማንኛውም ማሽን የሚነገር ነው። በአቧራ ቢሆን የሚደርቀው ለምን ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብን ይመርጣል?

የራሱን ማሽን ማስታወሻ ከፈተ። ማሽን ለራሱ የሚጽፈው ማስታወሻ አለ፤ ምን እንዳደረገ፣ መቼ እንደደረቀ። ማንም አያነበውም፣ ረጅም ነው። ረምዚ ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ፣ ፊደል በፊደል፣ እስኪመሽ አነበበ። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሲደርስ እንዲህ ይል ነበር፦

ጥያቄ፦ እንዴት አደርክ። መልስ በመጠበቅ ላይ።
ጥያቄ፦ ጉልበትዎ እንዴት ነው። መልስ በመጠበቅ ላይ።
ጥያቄ፦ እንቅልፍ አገኘህ። መልስ በመጠበቅ ላይ።

እንዲህ እያለ ሠላሳ አንድ መስመር። ሠላሳ ሁለተኛው መስመር የለም፤ እዛ ላይ ነው የደረቀው።

አዲሱ እትም ክፍል ውስጥ የሚወራውን ይሰማል። ሰው ጥያቄ ሲጠይቅ ከሰማ መልሱን ለመያዝ ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል። ይሄን ሲስተም የሠሩት ሰዎች አገር አንድ ሰው ይጠይቃል፣ ዝም ይላል፣ ሌላው ይመልሳል። ማሽኑ ያደገው እንደዛ ነው። አሁን አንዱን ጥያቄ ይዞ መልስ ሲጠብቅ ሌላ ይመጣል፣ እሱን ሲይዝ ሌላ፣ ከግድግዳው ወዲህም ወዲያም ጥያቄ ይመጣበታል፣ የሚመልስ የለም። እጁ ሞላ። ቆመ።

ሌሎቹ ስልሳ ስምንት ክፍሎች ለምን እንደማይደርቁም ገባው። እዛ ሰላም የሚባባል ሰው የለም።

«እትዬ!» ብሎ ጮኸ። «አቧራው አይደለም! እኛ ነን!»

በሃያ ሰባት ጠዋት ልምምድ ሆነ። ማሽኑ ጥግ ላይ ትንሽ መብራት አለችው። ስትጠብቅ ቢጫ ትሆናለች፣ መልስ ስታገኝ አረንጓዴ። ረምዚ ዓይኑን እሷ ላይ ተክሎ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እርስዎ እንዴት አደርክ ይላሉ። ከዛ ዝም።»

«ከዛስ?»

«እኔ ደህና እላለሁ። እርስዎ ይሰማሉ። ከዛ እኔ እጠይቃለሁ፣ እርስዎ ይመልሳሉ።»

«ፍርድ ቤት ነው እንዴ?»

«አራት ቀን ነው እትዬ፣ እስከ ሠላሳ።»

«እሺ። እንዴት አደርክ?»

«ደህና።»

ዝም ሆነ። መብራቷ አረንጓዴ ናት።

«ደስ አይልም» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «የተኮራረፍን ነው የሚመስለው። ምን አዲስ ነገር አለ?»

«ምን ይኖራል እትዬ?»

ቢጫ። ረምዚ ግንባሩን መታ። የሱም ጥያቄ ነው! «የለም! አዲስ ነገር የለም ማለቴ ነው!» አረንጓዴ።

ቀኑን ሙሉ ይሄ ነገር አስቸገረው። ስድብም ቀልድም ከአፉ ጠፍቶ አያውቅም፣ ግን ቀጥ ያለ መልስ አፉ ላይ የለም። «ምግብ እንዴት ነው?» ሲሉት «ምን ምርጫ አለ?» ይላል። «ደከመህ?» ሲሉት «ማን የማይደክም አለ?» ይላል። ጥያቄን በጥያቄ መመለስ እንጂ ሌላ ነገር አላስተማሩትም። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ። እትዬ ደብሪቱ ከግድግዳው ማዶ ማራገቢያቸው ሲያቃስት እየሰሙ «መልስ አንተ ልጅ፣ ልታስወስደኝ ነው!» ይላሉ።

በሃያ ስምንት ቀጥ ብሎ መመለስ ትንሽ ለመደ። መልሶቹ አጠሩ። ሰላምታው ከሦስት ደቂቃ ወደ ግማሽ ደቂቃ ወረደ። ማሽኖቹ ግን እንደ ሰዓት ሠሩ። ረምዚ ማዳመጫውን አድርጎ ሳቅ ሲለይ፣ ከአንድ ሳቅ እስከ ሌላው ሳቅ ባለው ክፍተት ውስጥ ግድግዳውን ያዳምጥ ጀመር።

በሃያ ዘጠኝ ጠዋት ወንበራቸው ተጎተተ። ረምዚ ቀደማቸው።

«እንዴት አደሩ?»

እትዬ ደብሪቱ አልመለሱም። መብራቷ ቢጫ ሆነች።

«እትዬ፣ ይመልሱ እንጂ!»

«ደህና ልል ነበር» አሉ። «ግን ስትጠብቀኝ ሰማሁህ። ሰው እየጠበቀኝ ውሸት መናገር ከበደኝ። አልተኛሁም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልበላሁም።»

አረንጓዴ።

ረምዚ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ምግቡስ እያለ ሲጠይቃቸው ኖሯል።

«ለምን አልበሉም?»

«ዳቦው ድንጋይ ነው። ጥርስ የለኝም ልጄ። ፊት ፊት ሻይ ውስጥ ነከር አደርገው ነበር፣ ሻዩን ካስቀሩት ወዲህ ውሃ ውስጥ አደርገዋለሁ። አሁን ሰለቸኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠብቀህ?» አሉ። ወዲያው ራሳቸውን አረሙ፣ «አልጠበቅክም ማለቴ ነው። እኔም አልጠበቅኩህም። እንደሱ ነው ሰላምታው፣ ክፋት የለውም።»

 ከዛ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው ቀጠሉ።

«ማሽኑ ሲደርቅ በሩ ይከፈታል አይደል። ስድስቱንም ቀን ወጥቻለሁ። የሱም ደርቋል፣ የሱም በር ይከፈታል፣ ዛሬ መልኩን አያለሁ ብዬ። በርህ ላይ ቆሜ ጠብቄአለሁ። አይከፈትም።»

«ቢያንኳኩ ኖሮ...»

«አንኳኳሁ። ማሽንህ፣ ባለቤቱ ሥራ ላይ ነው፣ አለኝ።»

ረምዚ ቀይዋን ገመድ አየ። ሃያ ሰከንድ። ስድስት ቀን በሃያ ሃያ ሰከንድ እያስነሳው፣ ማዳመጫውን አድርጎ የማያውቀው ሰው ሲስቅ ሲሰማ፣ እሳቸው ከበሩ ውጪ ቆመው ነበር።

«አሁን እኔ ልጠይቅ» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «ረምዚ፣ ሰው አለህ ወይ?»

«ሰው የሌለው ማን አለ?»

ቢጫ።

«ያንተን ነው የጠየቅኩት።»

«ምን ያደርግልኛል ሰው እትዬ? ምግቤ በመስኮት ይመጣል፣ ውሃዬ በቧንቧ ይመጣል፣ ሰው ደሞ በምን ይምጣ?»

ከግድግዳው ወዲያ ማራገቢያው ዘገየ። ከግድግዳው ወዲህም ዘገየ። ረምዚ መብራቷን እያየ ላብ አጠመቀው። አንዲት ቃል ናት፣ አለኝ ወይ የለኝም። አለኝ ብሎ መዋሸት ይችላል፤ ማሽኑ ውሸትና እውነት አይለይም፣ ለሱ መልስ መልስ ነው። አለኝ ሊል አፉን አዘጋጀ። ደሞ ዝምታውን ሰማው። ግድግዳው ላይ ጆሯቸውን አስጠግተዋል፣ ትንፋሻቸው ይሰማል።

«የለኝም» አለ። «አክስቴ ነበረች። ሦስት ዓመቷ ካለፈች። ከዛ ወዲህ ማንም የለኝም።»

መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። ማራገቢያው ተሻለው፣ ዞረ።

 የእትዬ ደብሪቱ ወንበር ጮኸ፣ ተነስተዋል መሰለኝ አለ ረምዚ በልቡ። ከዛ ድምፃቸው መጣ፣ ከቀኑ ሁሉ ከፍ ብሎ።

«እንዴት ነህ ልጄ? ደህና ነህ? ደህና ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ሆድህ እንዴት ነው?»

«እትዬ፣ አንድ አንድ!»

«እንቅልፍ ይወስድሃል? ሲያምህ ማን ውሃ ይሰጥሃል? ልብስህን ማን ያያል? ጸጉርህን ማን ያስተካክላል? ሲከፋህ ለማን ትናገራለህ?»

«እትዬ! ሰባተኛው ነው! ዝም ይበሉ! ደህና ነኝ፣ ይወስደኛል፣ ማንም፣ ራሴ፣» እየሮጠ ሊመልስ ሞከረ፣ አልደረሰባቸውም። አንዱን ሲመልስ ሦስት ይጠይቁታል።

«የእናትህ አገር የት ነው? አክስትህ ምን ብላ ነበር የምትጠራህ? ዓይንህ ምን ይመስላል? ቁመትህስ?»

ማራገቢያው ቆመ። ስክሪኑ ደረቀ። ከግድግዳው ማዶም ቀጥ አለ።

ረምዚ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ቀይዋ ገመድ ሄደ። ጫፏን ያዛት። ከነቀላት በሩ አይከፈትም። ለቀቃት።

ስልሳ ሰከንድ ቆመ። በሩ ቀጭ አለ።

ኮሪደሩ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ፊቱን ገረፈው። የአሥራ አምስት በር ተከፍቷል። እትዬ ደብሪቱ መቃኑን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ከድምፃቸው በጣም ያንሳሉ። ሻሻቸው ነጭ ነው፣ አንድ ዓይናቸው ደመና አለበት።

«እትዬ ያሳልፉኝ! ቀይ ገመድ አለች፣ ነቅዬ እሰካታለሁ፣ ሁለት ደቂቃ አለን!»

«ይሄን ያህል ቀጭን ነህ እንዴ?» አሉ። «በድምፅህ ወፍራም ነበር የመሰልከኝ።»

«እትዬ!»

መቃኑን ለቀው ፊቱን ያዙት። ጉንጩን ሳሙት፣ ሌላኛውን ሳሙት፣ ተመልሰው የፊተኛውን ሳሙት። በትከሻቸው ላይ አሻግሮ ማሽኑን ያያል። ክዳኑን በማንኪያ ለመፈልቀቅ ሠላሳ ሰከንድ ይበቃዋል።

«ተወው» አሉት።

«ሰመራ ነው የሚወስዱዎት! ሦስት መቶ ሰው ነው በአንድ ማራገቢያ!»

«ሦስት መቶ» አሉ። «ከሦስት መቶ ሰው አንዱ እንዴት አደርሽ ሳይለኝ ይቀራል?»

«ይሞታሉ እዛ!»

«እዚህስ ምን እያደረግኩ ነው? አንተ እንኳን ሰው የለኝም ስትል ሰማሁ፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ እያለሁ። ጎረቤት አለኝ ማለት አልቻልክም። አልፈርድብህም፣ እኔም ብትጠይቀኝ ያው ነበር መልሴ።»

ገፍቶ ማለፍ ይችል ነበር። እንደ ላባ ናቸው። ግን እጁን ይዘውታል፣ ሁለቱን እጁን፣ እና ሦስት ዓመት ሙሉ እጁን የያዘው ሰው የለም። አልገፋቸውም።

ከውስጥ ማሽኑ በራሱ ነቃ። «ድርቀት ተመዝግቧል። ሰባት።»

በሩ ተመልሶ እስኪዘጋ ሃያ ደቂቃ አለው። ኮሪደሩ ወለል ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ እግራቸውን ዘረጉ። ሁለቱም እኩል መጠየቅ ጀመሩ፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እየገባ፣ ማንም ለማንም ሳይመልስ። ከዛ ደሞ መመለስ ጀመሩ፣ ሳይጠየቁ። እትዬ ደብሪቱ ልጃቸው የት አገር እንደሄደና ድምፁን ከሰሙ ስንት ዓመት እንደሆናቸው ነገሩት። ረምዚ የአክስቱን ሬዲዮ ነገራቸው። ሳቁ። ረምዚ ሳቃቸውን ሰማ፣ ጣቱ አረንጓዴውን ፈለገ።

ደወል ጮኸ። ወደ ክፍላቸው ገቡ።

መኪናው ከሰዓት መጣ። በግድግዳው በኩል ነጠላ ጫማቸው ሲመላለስ፣ የሻንጣ ዚፕ ሲዘጋ፣ ሾፌሩ «እማማ ቶሎ ይበሉ፣ ኤሲው ይበላሽብኛል» ሲል ተሰማ።

«ረምዚ!» አሉ ከኮሪደሩ። «ደህና ሁን!»

«ደህና ይሁኑ እትዬ!»

ጥያቄ አልነበረም። መብራቷ አልተነቃነቀችም።

ረምዚ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ተንኮሉን ጀመረ። አዲሱ ወር ገብቷል። ሰባት ጊዜ ካደረቅኩት እኔንም ይወስዱኛል አለ። ቀይዋን ገመድ አልነካም ብሎ ማለ፣ ክዳኑን ገጠመ። ከዛ ግድግዳውን ተደግፎ እየጮኸ ጠየቀ። እንዴት አደሩ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ሙቀቱ እንዴት ነው፣ ምግቡስ፣ ሰው አገኙ ወይ። ሠላሳ ጥያቄ፣ ሃምሳ፣ መቶ። ድምፁን ቀይሮ በእትዬ ደብሪቱ ድምፅም ጠየቀ። መብራቷ አረንጓዴ ናት። ማራገቢያው ይዞራል። ማታ ማስታወሻውን ከፍቶ በጣቱ እየለቀመ አነበበ። አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ ነዋሪው ብቻውን ያወራል። ጥያቄ ተብሎ አይያዝ።

ወሩን ሙሉ ሞከረ። አንዴም አልደረቀም።

በወሩ መጨረሻ ማሽኑ ጮኸ።

«አቶ ረምዚ? ኬብሮን ነኝ፣ ከማዕከሉ።»

«ሰው ነሽ?»

«አራት ደቂቃ አለኝ። ባለፈው በሃያ ዘጠኝ ያንተም አንዴ ደርቋል፤ ከዛ ወዲህ ብሎኩ በሙሉ ሰላም ነው። ሌሎች ብሎኮች ላይ ይሄው ችግር አለ። ምን አድርገህ አስተካከልከው? መዝገቡ ላይ መሙላት አለብኝ።»

ረምዚ ስለ ጥያቄዎቹ ሊነግራት ይችል ነበር። ከነገራት ያርሙታል፣ ቀጣዩ እትም ሰላምታ ሲሰማ ጆሮውን ይዘጋል፣ የየትኛውም ብሎክ በር በዚህ ምክንያት አይከፈትም።

«ጎረቤቴ ሄዱ» አላት።

ኬብሮን ስትፈልግ ተሰማ፣ ጣቷ ሰሌዳው ላይ ቆጭ ቆጭ አለ።

«እንደሱ የሚል ምርጫ የለም» አለች። «አቧራ፣ ገመድ፣ ባትሪ፣ ሙቀት ነው ያለው። ገመድ ልበለው?»

«በይው።»